በራጅ ፊልም የተነሳው እድር

«ይኼ ሥራ ትዕግሥት ላለው ሰው ነው። አንቺ ደግሞ ሻይሽን እንኳ ቁጭ ብለሽ አትጨርሺም።»

ጋሽ ሙላቱ ይህን ያሉኝ ሥራ በጀመርኩበት ቀን፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ፊት ለፊቴ ቆመው ነው። እኔ ሻዩን በእጄ ይዤ ወርክሾፑን እየዞርኩ ነበር። እውነታቸውን ነው። ግን ትዕግሥት ያለው ሰው ማስታወቂያቸውን አንብቦ አልመጣም። የመጣሁት እኔ ነኝ።

ማስታወቂያው ቦሌ ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ ባለ የቆርቆሮ በር ላይ ተለጥፎ ነበር። «ሠራተኛ እንፈልጋለን። ጨለማ የማይፈራ» ይላል፤ ሌላ ምንም የለበትም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም። ወሎ ሰፈር አንድ የአሉሚኒየም በርና መስኮት ቤት ስምንት ወር ሠርቼ፣ ከአለቃዬ ጋር ተጣልቼ ወጥቼ ነበር። ጨለማ አልፈራም። አንኳኳሁ።

ውስጡ የአናጢ ቤት ይመስላል፤ መጋዝ፣ መላጊያ፣ መሮ፣ ሞርሳ፣ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ የዋንዛ ጣውላ። መሀል ላይ ግን እኔን ቁጢጥ አድርጎ የሚያስቀምጥ ትልቅ ሣጥን በሦስት እግር ቆሟል። ከፊቱ የሻይ ሰሃን የሚያህል ሌንስ፣ ከኋላው መስታወት።

«ምንድነው እሱ?» አልኩ።

«ካሜራ።»

«ይኼ ሁሉ? የምን ካሜራ?»

«የሰው» አሉ ጋሽ ሙላቱ። በቃ፣ ገባሁ።

ጋሽ ሙላቱ ሠላሳ ዓመት ፎቶ ቤት ነበራቸው። ስልክ መጥቶ ፎቶ ቤቱን ሲያስዘጋው እሳቸው ተስፋ መቁረጥ አልፈለጉም። «ሰው ሁሉ ፎቶ አንሺ ከሆነ እኔ ካሜራ ሠሪ እሆናለሁ» ብለው በእንጨት ትልልቅ ካሜራ መሥራት ጀመሩ። ደንበኞቻችን ሠዓሊዎች፣ ተማሪዎች፣ ለየት ያለ ነገር የሚፈልጉ የቦሌ የሠርግ ፎቶ አንሺዎች፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ፈረንጆች ናቸው።

ፊልማችን የራጅ ፊልም ነው። አዎ፣ ሐኪም ደረት የሚያነሳበት። ሐኪም ቤቶች ወደ ኮምፒውተር ሲገቡ ሳይከፈት የቀረውን ካርቶን እኛ እንወስዳለን። አንዱ ሉክ ሠላሳ አምስት በአርባ ሦስት ሳንቲ ሜትር ነው። ፊልሙ ይህን ያህል ትልቅ ስለሆነ ማሳደግ የለም፤ ወረቀቱ ላይ አስተኝተን በልኩ እናትመዋለን። ሰውየው የሽምብራ ፍሬ አክሎ ቢወጣ እንኳ ቅንድቡ ይቆጠራል።

በመጀመሪያው ቀን ጥፍሬን አስቆረጡኝ። የአክስቴ ልጅ ሠርግ ደርሶ ረጅም ቀይ ጥፍር አሠርቼ ነበር። «ቁረጪ፣ አለዚያ ሂጂ» አሉኝ። የራጅ ፊልም በሁለቱም ጎኑ የተቀባ ነው፤ ሲረጥብ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ይላላል። በጥፍር ከተነካ ሰው ጉንጭ ላይ ጠባሳ ይወጣል። ቆረጥኩት። ሠርጉ ላይ የአክስቴ ልጅ እጄን አይታ «ምን ነካሽ?» ስትለኝ «ሥራ አገኘሁ» አልኳት።

በካሜራው ፊትና ኋላ መሀል እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ ጥቁር ጨርቅ አለ። እኛ ቤት ስሙ ሳንባ ነው። የሚሰፋልን ጎረቤታችን ሸምሱ ነው፤ ልብስ ሰፊ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው። ሳንባው ተሰፍቶ ሲያልቅ የመርፌ ቀዳዳ እንኳ ሊኖረው አይገባም። ስለዚህ እኔ ጭንቅላቴን ከትቼበት ፀሐይ ላይ ወጥቼ እቆማለሁ፤ ብርሃን የሚያስገባው ቦታ ከውስጥ እንደ ኮከብ ይታያል። በመንገዱ የሚያልፍ ሰው ይቆማል።

«ምን ሆና ነው?» ይላሉ።

«ጥርሷን አሟት ነው» ይላል ሸምሱ። ወይም «ባሏ አስገብቷት ነው።» ባል የለኝም። በሳንባው ውስጥ ሆኜ ስሰድበው ድምፄ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ነው።

ትልቁን ሌንሳችንን ያገኘነው ከአንድ ሥራ ካቆመ ማተሚያ ቤት ነው። ድሮ ገጹን በፊልም አንስተው ነበር የሚያትሙት፤ ለዚያ የሚሆን አልጋ የሚያህል የብረት ካሜራ ጥግ ላይ አቧራ ጠግቦ ተቀምጧል። የመጋዘኑ ኃላፊ «ለብረት ልንሸጠው ነበር» አሉን። ጋሽ ሙላቱ የሌንሱን ክዳን ከፍተው፣ በመሐረባቸው ጠርገው ወደ መስኮቱ አዩበት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ካቻቪቴ» አሉ። የብረቱን አካል እዚያው ትተን ሌንሱን፣ ሐዲዱንና ማርሹን ፈትተን መጣን። ያንን በዋንዛ ፍሬም ላይ መትከል ሁለት ወር ፈጀብን።

የመስታወቱን ሥራ ለእኔ ሰጡኝ። የኋላው መስታወት ጭጋጋማ መሆን አለበት፤ ምስሉ የሚታየው እሱ ላይ ነው። ወሎ ሰፈር ካሉት ጋራዦች ቫልቭ የሚፈጩበትን ሻካራ ቅባት አምጥቼ፣ ሁለት መስታወት አንዱን በአንዱ ላይ ሦስት ቀን አሸሁ። እጄ ዛለ። አምሮ ወጣ። ፍሬሙ ላይ ገጠምኩትና የመጀመሪያውን ፎቶ የበራችንን አነሳን። በሩ ደበዘዘ፤ ከበሩ ኋላ የሚታየው ዛፍ ግን ጥርት ብሎ ወጣ። ሌንሱን ተጠራጠርን፣ ሐዲዱን ለካን፣ ሸምሱን ወቀስነው። ሁለት ቀን ፈለግን። ለካ መስታወቱን ገልብጬ ነው የገጠምኩት! ሻካራው ጎን ወደ ሌንሱ መዞር ሲገባው ወደ እኔ ዞሯል። የመስታወቱ ውፍረት ብቻ ነው ፎቶውን ያበላሸው።

ጋሽ ሙላቱ አልተቆጡም። እስኪያስላቸው ሳቁ። «እኔም የመጀመሪያውን ገልብጬዋለሁ» አሉ። «ለማንም እንዳትነግሪ።» ይኸው ነገርኩ።

እንግዲህ ይህን ካሜራ በጨረስን በወሩ ኦቦ ደበሌ መጡ። ከቦሌ በስተ ምሥራቅ፣ ድሮ እርሻ በነበረው በእኛ ሰፈር ያለ የአንድ እድር ዳኛ ናቸው። በሩ ላይ ቆመው ወደ ውስጥ አዩ።

«ሰው የለም?»

«አለሁ» አልኩ፣ መላጊያ ይዤ።

«አንቺማ አለሽ። ሠሪውን ነው።»

«ይኼን ጎን እኔ ነኝ የሠራሁት።»

ጎኑን በጣታቸው ዳሰሱት። «እሺ፣ እንግዲያው ስሚ» አሉ። እድሩ በስልክ ተነስቶ ነበር። አሳድገው ሲያሳትሙት የሁሉም ፊት ሽሮ ሆነ። አዳራሹ ውስጥ የሚሰቀል፣ ስልሳ አራቱም አባል ማን ማን እንደሆነ የሚለይበት ፎቶ ይፈልጋሉ። ደግሞም ይቸኩላሉ። እድሩን ካቋቋሙት ውስጥ በሕይወት ያሉት ኦቦ ሁንዴ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ማክሰኞ ጠዋት ደብረ ብርሃን ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ ይሄዳሉ።

«ይመለሳሉ?» አልኩ።

«በዚያ ዕድሜ ማን ይመለሳል? እሱ ያልገባበት ፎቶ ለእኛ ፎቶ አይደለም።»

ለእሑድ ተስማማን።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ግቢ ውስጥ ካሜራውን ተከልን። ሰዉ ሁሉ ጋቢውንና ነጠላውን ለብሶ መጥቷል፤ ነጭ በነጭ። አቀማመጡ ራሱ አንድ ሰዓት ፈጀ። በእድሩ ደንብ ፊት የሚቀመጠው በዕድሜ ሳይሆን ቀድሞ በመግባት ነው፤ ስለዚህ አንድ የሃምሳ ዓመት ሰው የሰባ ዓመት አማቻቸውን ወደ ኋላ አስነሱ። መዝገብ መጣ፣ ተነበበ፣ አማችየው አጉረምርመው ሄዱ። ኦቦ ሁንዴ መሀል ተቀመጡ፤ ቀጭን፣ ጥቁር፣ ዓይናቸው የሚስቅ ሽማግሌ።

እኔ ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቤ መስታወቱ ላይ ምስሉን አጠራለሁ።

«እዚያ ውስጥ ያለችው ማናት?» አሉ ኦቦ ሁንዴ።

«እኔ ነኝ አካኮ፣ ለሊሴ» አልኩ፤ አካኮ በኦሮምኛ አያቴ ማለት ነው።

«ምን ይታይሻል?»

«ተዘቅዝቃችሁ ነው የምትታዩት። እግር ወደ ላይ፣ ጭንቅላት ወደ ታች።»

«ይኼ እድርማ ድሮም እንደዚያው ነው» አሉ። ግቢው በሳቅ ፈነዳ። መልሰን ለማስቀመጥ ሌላ ሩብ ሰዓት።

ጋሽ ሙላቱ የብርሃን መለኪያቸውን ይዘው ሄደው ጋቢ ላይ ለኩ። የእኔና የእሳቸው ነገር የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ባለፈው ሳምንት ሸምሱን ለሙከራ ስናነሳው ቀይ ኮፍያው ከሰል ሆኖ ወጥቶ ነበር። የራጅ ፊልም ቀይ አያይም፤ ለዚህ ነው በቀይ አምፖል የምናጥበው። የእኛ የሐበሻ ቆዳ ደግሞ ውስጡ ቀይ ነው፤ በነጭ ጋቢ ልክ ብርሃን ከተሰጠው ይጠቁራል። ያኔ ነግሬያቸው «ኮፍያ ነው፣ ተይው» ብለውኝ ነበር። አሁንም ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ግን ስልሳ አራት ሰው እያየን ነው፤ ሽማግሌዎች፣ የእናቴ ጎረቤቶች። እሳቸውን በዚያ ሰው ፊት ማረም ነውር መሰለኝ። በሕይወቴ አንዴ ይሉኝታ ይዞኝ ዝም አልኩ።

ሌንሳችን መዝጊያ የለውም። ጋሽ ሙላቱ ባርኔጣቸውን ከሌንሱ ፊት አነሱ፣ መለሱ። በሁለቱም ጎኑ አንዳንድ ፊልም የሚይዘውን መያዣ ገልብጠን ደገምን። ሰዉ አጨበጨበ።

ሰኞ ረፋድ ላይ አጠብነው። በቀዩ ብርሃን ፊልሙ ሳፋው ውስጥ ሲጠቁር አየሁ። በነጋቲቭ ነጭ ነገር ጥቁር ሆኖ ነው የሚወጣው፤ ጋቢዎቹ ጥቁር ብለው፣ ጥለታቸው ሳይቀር፣ መጡ። ፊት መሆን ያለበት ቦታ ግን ባዶ ፕላስቲክ ነው። ሁለተኛውም እንደዚያው። አትመን አደረቅነው። ስልሳ አራት ጋቢ፣ ከላያቸው ስልሳ አራት ጥቁር ዱባ።

ሸምሱ ገብቶ አየው። «ይኼ እድር ነው ወይስ የልብስ ማስጫ?» አለ። ማንም አልሳቀለትም፤ ቀስ ብሎ ወጣ።

ጋሽ ሙላቱ የእርሳስ ሣጥናቸውን አወጡ። ድሮ ፎቶ ቤት ነጋቲቭ ላይ በእርሳስ እየነካኩ ያሳምሩ ነበር።

«ምን ሊያደርጉ ነው?» አልኩ።

«አስተካክለዋለሁ።»

«ምኑን? ፊት የለም እኮ።»

«ሠላሳ ዓመት ሠርቼዋለሁ፣ ልጅት።»

«ሠላሳ ዓመት ብጉር ነው ያጠፉት። አሁን ሰው ሊፈጥሩ ነው!»

እርሳሱን አስቀመጡ። «አንቺ ታውቂ ነበር» አሉ።

«አውቅ ነበር። ዝም አልኩ። ጥፋቱ የሁለታችን ነው። ለኦቦ ደበሌ ልደውል።»

«እንዳትደውዪ! ስሜ ይጠፋል።»

«ስምዎ ይሻላል ወይስ አካኮ ሁንዴ?» ብዬ ውጭ ወጥቼ ደወልኩ። ፎቶው አልወጣም፣ ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ኦቦ ሁንዴ ሳይሄዱ ሌላ ዕድል ስጡን አልኩ። የሰፈሩ ዶሮ በስልኩ ውስጥ ሲጮህ ይሰማኛል።

«ሁንዴ ዛሬ ዘመድ ሲሰናበት ነው የሚውለው፤ አይገኝም» አሉ ኦቦ ደበሌ። «ነገ ግን እድሩ በሙሉ ላምበረት ሊሸኘው ይወጣል። አውቶብሱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከቻላችሁ እዚያ ኑ።»

ገብቼ ስነግራቸው ጋሽ ሙላቱ «አውቶብስ ተራ ውስጥ? በዚያ ግፊያ? ሌንሱ አይወጣም» አሉ። ተከራከርን። ያወጣሁትን ቃል ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። ሄድኩ።

ማክሰኞ በጠዋት ካሜራውን በግድም ቢሆን ልወስድ መጣሁ። በሩ ክፍት ነው። ጋሽ ሙላቱ ሣጥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ሸምሱ በለመነው ሚኒባስ ጣሪያ ላይ እያሰሩ ነው። ሰላምታ አልሰጡኝም። «ገመዱን ሳቢ» ብቻ አሉ።

ላምበረት ስንደርስ እድሩ በሙሉ አለ። ረዳቱ «ደብረ ብርሃን! አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ይጮሃል። አውቶብሱ በስተ ምዕራብ በኩል ጥሩ ጥላ ጥሏል፤ ሰዉን እዚያ ደረደርነው። በዚህ ጊዜ መዝገብ አልተነበበም። ኦቦ ሁንዴን ሻንጣቸው ላይ አስቀመጥናቸው።

ጋሽ ሙላቱ መለኪያውን አውጥተው ወደ ኦቦ ደበሌ ጋቢ ተራመዱ። እጅ ልማዱን አይተውም። መለኪያውን ከእጃቸው ወሰድኩና ኦቦ ሁንዴ ጉንጭ ጋ አስጠጋሁት።

«ይቅርታ አካኮ።»

«ትኩሳት ነው የምትለኪኝ?»

«ጋቢው አሥራ ስድስት ይላል» አልኩ ጮክ ብዬ። «ፊታቸው አራት።»

ጋሽ ሙላቱ ቁጥሩን አዩ። ኦቦ ሁንዴን አዩ። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ከዚያ «ለቀዩ ደግሞ ጊዜውን እጥፍ አድርጊው» አሉ። «አራት ሰከንድ። ስናጥብ የማጠቢያውን ዴቨሎፐር በውኃ እናቀጥነዋለን፣ ጋቢው በብርሃን እንዳይነድ።» ባርኔጣቸውን አውልቀው ሰጡኝ።

የመጀመሪያውን ሉክ አንድ ፍራሽ የተሸከመ ወዛደር የካሜራውን እግር መትቶ አበላሸብን። «ዞር በሉ!» ይላል ጭራሽ። መያዣውን ገለበጥኩ። የቀረን ይህ አንድ ጎን ነው፤ ረዳቱም «በቃ፣ እንሄዳለን» እያለ ነው።

«ሁላችሁም!» አልኩ። «አራት እስክቆጥር የተነፈሰ ሰው እድሩ ይቅጣው!»

ባርኔጣውን አነሳሁ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። ከለልኩት።

«አልቋል?» አሉ ኦቦ ሁንዴ። «ትንፋሼን ልመልስ?»

ሰዉ እየሳመ ወደ አውቶብሱ አስገባቸው። አንዳንዱ እያለቀሰ፣ አንዳንዱ ሙዝና ዳቦ በመስኮት እያቀበለ። ሄዱ።

ረፋዱን አጠብነው። ፊልሙን ወደ ቀዩ አምፖል ከፍ አድርጌ ሳየው ጋሽ ሙላቱ በትከሻዬ ላይ አጎነበሱ።

«ፊት አለ» አሉ።

አለ። ስልሳ አራቱም። ኦቦ ሁንዴ መሀል፣ የግንባራቸው መስመር አንድ በአንድ፣ ትንፋሽ በመያዝ ጉንጫቸው ነፋ ብሎ። ጋቢዎቹም አልነደዱም። ደግሞ አውቶብሱ በር ላይ እጁን እንዳነሳ ደርቆ የቀረው ረዳት አለ፤ እሱም ትንፋሹን ይዟል። ኦቦ ደበሌ አይተውት «ይኼኛው ከመቼ ጀምሮ ነው አባል የሆነው?» አሉ። አዳራሹ ውስጥ ከተሰቀለ ወዲህ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚፈልገው ራሱን ነው፤ ቀጥሎ ረዳቱን።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል። ከዚያ ወዲህ አምስት ካሜራ ሠርቻለሁ፤ ሁለቱን ብቻዬን። አዲስ ለሚገባ ሠራተኛ የምነግረው ሦስት ነገር ነው። ጥፍርህን ቁረጥ። የመስታወቱ ሻካራ ጎን ወደ ሌንሱ ነው። ብርሃኑን ፊት ላይ ለካ፤ አለቃህ ሌላ ቦታ ሲለካ ካየህ ሰው ፊትም ቢሆን ንገረው።

ያኔ ለኦቦ ሁንዴ የሚሆነውን ቅጂ ያተምነው ሐሙስ ነው። ኦቦ ደበሌ «ለረዳቱ ስጪው፣ ያደርስለታል፤ እሱም አለበት» አሉ። የኦቦ ሁንዴን ፎቶ ለረዳት የምሰጥበት ምክንያት አልታየኝም፤ ያጥፈዋል። አርብ ጠዋት ፎቶውን በሁለት ካርቶን መሀል አድርጌ በሳንባ ጨርቅ ቁራጭ ጠቀለልኩት።

«የት ነው?» አሉ ጋሽ ሙላቱ።

«ደብረ ብርሃን።»

«ከሰዓት ካሜራ ሊገዙ ከትምህርት ቤት የሚመጡ ሰዎች አሉ እኮ! ካሜራውን ማን ያሳያቸዋል?»

«እርስዎ። ሠላሳ ዓመት ሠርተዋል አይደል?»

ሸምሱ ከሱቁ ሆኖ «ሙዝ ግዢላቸው!» ብሎ ጮኸ። ከላምበረት በር አንድ እጅ ሙዝ ገዛሁ። አውቶብሱ ሊሞላ አንድ ሰው ቀርቶት ነበር። ፎቶውን ጭኔ ላይ አቆምኩት፤ ረዳቱ በሩን ዘጋ፤ ተነሳን።